የአስራ አራቱ ቀፎዎች እሳት

ኢንስፔክተሩ ንብ ይፈራል። ይህን ምስጢር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሚስቱ ስትሆን ሌላዋ ሳጅኗ ናት። ሳጅኗ ያወቀችው አንዲት ንብ ቢሮው የገባች ዕለት፣ ይህ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለ መርማሪ ወንበር ላይ ቆሞ በኮፍያው ሲከላከል ስለደረሰችበት ነው። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ድልድዩን ተሻግረው የንብ ማነቢያው ደጃፍ ሲደርሱ፣ የሸሚዙን ኮሌታ እስከ አገጩ ቆልፎ፣ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጎትቶ ነው ከመኪናው የወረደው።

የሚፈራው ነገር ግን አልነበረም። አንዲት ንብ እንኳ የለችም። ትናንት አስራ አራት ቀፎ የተሸከመው የብረት መደርደሪያ ራቁቱን ቆሟል። ሣሩ ላይ የእጅ ጋሪ ጎማ ደጋግሞ የተመላለሰበት መስመር አለ፤ መስመሩ አርባ እርምጃ ያህል ተጉዞ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ ከተቆፈረ ትልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ አመድና የቀለጠ ሰም አለ፤ ግማሹ አፈር ለብሷል። ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው ኢንስፔክተሩ። የተቃጠለ ማርና ቤንዚን ባንድ ላይ ሲሸት ግን አጋጥሞት አያውቅም።

"አንድ ቀፎ ውስጥ ስንት ነፍስ ይኖራል?" አለ።

"ሰላሳም አርባም ሺህ ይላሉ" አለች ሳጅኗ። "በአስራ አራት ያባዙት።"

"አላባዛም።"

ባለ ቀፎው እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትከሻው የት እንደገባ እንጃ። ሲያናግሩት መጀመሪያ አልሰማም።

"ዛሬ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር የማስረክባቸው።"

"ለማን?"

"ለሴቶች ማኅበር። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አስራ አራት እናቶች ናቸው፤ ለአንዷ አንድ ቀፎ። እህቴ ከስልጠና ተመልሳ የጤና ወረቀታቸውን ልትፈርም፣ እኔ ላስረክብ። ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።"

"ዘበኛ የለህም?"

"ለንብ ዘበኛ ይቀጠራል እንዴ ኢንስፔክተር? ዘበኛው ራሱ ንቡ ነው።"

ሳጅኗ ጓንቷን አድርጋ አመዱን በዱላ ታገላብጣለች። ሚስማር አወጣች፣ ሽቦ አወጣች፣ ከዚያ የተጣመመ የብረት መክፈቻና የጭስ ማጨሻ ቆርቆሮ አወጣች። ባለ ቀፎው ሲያያቸው "የኔ ናቸው፤ መደርደሪያው ላይ ነበር የተውኳቸው" አለ። ከጉድጓዱ ማዶ አንድ ቢጫ ጄሪካን ወድቋል፤ ሁለት የቀይ ቀለም መስመር አለበት። መደርደሪያው ሥር ደግሞ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ሃያ የሚሆኑ የክብሪት እንጨቶች ተበታትነዋል። አንዱም አልተጫረም። ቀይ ራሳቸው እንዳለ ነው፤ ሌላኛው ጫፋቸው ላይ ግን የደረቀ ቡናማ ነገር አለ።

"ክብሪቱ እርጥብ ሆኖበት እየሞከረ የጣለው ነው" አለች ሳጅኗ፣ አንድ በአንድ ወደ ላስቲክ ከረጢት እየጨመረች።

"እርጥብ ክብሪት ሲጫር ራሱ ይፈረፈራል። እነዚህ አልተነኩም።"

"ታዲያ ክብሪት ይዞ መጥቶ ሳይጭር የሚጥል ምን ዓይነት እሳት ለኳሽ ነው?"

ኢንስፔክተሩ ሊመልስ ሲል ከመንገዱ በኩል ጩኸት ተሰማ። የመንደሩ ሰው አንድ ሰው እጁን ጠፍሮ እየገፈተረ ያመጣል። ባለ ብርቱካኑ ነው፤ አጥር ለአጥር የሚዋሰነው ጎረቤት። ሸሚዙ ተቀዷል፣ ከንፈሩ ደም ነው።

"ይኸውላችሁ!" አለ አንዱ። "እሱ ነው! በአርባ ሰው ፊት አቃጥላለሁ ብሏል!"

ባለ ቀፎው ከተቀመጠበት ቀና ብሎ ጎረቤቱን አየው። ኢንስፔክተሩ ሰውየው ዘሎ ያንቀዋል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለ ቀፎው ግን ዓይኑን መልሶ ወደ አመዱ ሰደደ እንጂ አንዲት ቃል አልወጣውም።

*

የምርመራ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና የማይዘጋ መስኮት አለው። ባለ ብርቱካኑ ከንፈሩን በጥጥ ይዞ ተቀምጧል።

"ብለሃል ወይስ አላልክም?"

"ብያለሁ። የቀን ሠራተኛዬን ነድፈውት ሆስፒታል የገባ ዕለት፣ ስብሰባ መሀል ተነስቼ 'እነዚህን ቀፎዎች አንድ ቀን በእሳት ነው የማያቸው' ብያለሁ። ንዴት ነው። በንዴት የተናገርኩትን ሁሉ ባደርግማ ኖሮ አማቴ እስካሁን በሕይወት አትኖርም ነበር።"

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

"ጄሪካኑስ?"

"የኔ ነው። ቀይ መስመሩን ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። ውሎ የሚያድረው ፓምፑ ጎን፣ አጥሩ ሥር ነው። እጁን የሰደደ ሁሉ ያገኘዋል።"

"ልብስህ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።"

"ፓምፕ ያለው ሰው ሽቶ ሽቶ እንዲል ነው የፈለጉት?" አለና ወዲያው ድምፁ ወረደ። "ኢንስፔክተር፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። ያ ሁሉ ብርቱካን የሚያፈራው በማን ይመስልዎታል? አበባዬ ላይ የሚውሉት የሱ ንቦች ናቸው። ቢያናድዱኝም እንጀራዬ ናቸው። ማታ ቤቴ ነው ያደርኩት፤ ሚስቴን ጠይቋት። ወሯ ገብቷል፤ እንኳን እሳት ልለኩስ፣ ደጅ ወጥቼ ላምሽ ብል የምትለቀኝ አይደለችም።"

"የሚስት ምስክርነት እንዴት እንደሚታይ ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ" አለ ሰውየው፣ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ፊቱ ላይ ታየ። "እሷን ብቻ ጠብቁልኝ። ሰው ሁሉ አብዷል።"

ሰው ሁሉ አብዶ ነበር እውነትም። ከሰዓት በኋላ የቤቱ መስኮቶች በድንጋይ ረገፉ። ሚስቱ ስብርባሪው መሀል ምጥ ጀምሯት፣ ፖሊስ በመኪና ወደ ክሊኒክ ወሰዳት። አዛዡ ይህን ሲሰማ ኢንስፔክተሩን ጠርቶ "ዛቻ አለ፣ ጄሪካን አለ፣ ባልበላው ጭሬ ልበትነው ያለ ጎረቤት አለ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?" አለው። የክስ ሐሳቡ ተጽፎ አልቋል፤ የሚቀረው የኢንስፔክተሩ ፊርማ ነው።

ጣቢያው ውስጥ ኢንስፔክተሩን "ቀስ በል" ይሉታል፤ ሹፌሩን ቀኑን ሙሉ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ነው። አዛዡም ያውቃል።

"እስከ ነገ ማታ ይስጡኝ" አለ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።"

"እስከ ነገ ማታ። ከዚያ ትፈርማለህ።"

*

የባለ ቀፎው ታላቅ እህት የወረዳው የንብ ጤና ባለሙያ ናት። ሰዉ "የንብ ሐኪሟ" ይላታል። በየማነቢያው በየወሩ ቀፎ እያስከፈተች፣ በሽታ መኖር አለመኖሩን አይታ መዝገብ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት። እሳቱ በተነሳበት ሌሊት ሁለት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ስልጠና ላይ እንደነበረች ሳጅኗ ያስላከችው የፊርማ ዝርዝር ያሳያል፤ ወሬውን ሰምታ በማግስቱ ቀትር ላይ መመለሷንም ተናግራለች።

ቢሮዋ ሲገቡ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"እኔ ነኝ ያሳደግኩት" አለች፣ ሳትጠየቅ። "እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እኔ አስራ ስድስት። የመጀመሪያውን ቀፎ የገዛሁለትም እኔ ነኝ።" ከዚያ ቀና ብላ፣ "ሁሉም ተቃጠሉ? አስራ አራቱም?"

"አስራ አራቱም።"

"እንጨቱ? ሰሙ? ምንም የተረፈ የለም?"

"አመድ ነው ሐኪም።"

ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ኢንስፔክተሩ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። ከዚያ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

"እነዚህን መደርደሪያው ሥር አገኘናቸው። ምን ይመስሉዎታል?"

አየቻቸው። ረዘም አድርጋ አየቻቸው።

"ክብሪት ነው።"

"ጫፋቸው ላይ ያለውስ?"

"ጭቃ ይሆናል። እኔ የንብ ሐኪም ነኝ ኢንስፔክተር፤ የእሳት ሐኪም አይደለሁም።"

ሳጅኗ ፈገግ አለች፤ እሱም ፈገግ አለ። በሐዘን መሀል ቀልድ የሚወጣው ሰው ጠንካራ ነው ብሎ አሰበ፤ ከረጢቱንም ወደ ኪሱ መለሰ።

*

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የቀፎዎቹን የጤና መዝገብ ከባለ ቀፎው ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከዚህ በፊት የነፍሰ ገዳይ ማስታወሻ አንብቧል፣ የሌባ የፍቅር ደብዳቤ አንብቧል፤ የንብ ታሪክ ሲያነብ ይህ የመጀመሪያው ነው። በየወሩ አንድ ገጽ አለ። ገጹ ላይ ከአንድ እስከ አስራ አራት ቁጥር፣ ከየቁጥሩ ፊት ለፊት "ተከፍቶ ታየ፤ ጤነኛ" የሚል፣ ከሥር የእህትየው ፊርማ።

"ንብ እንዲህ ጤነኛ ከሆነ እኛም ቀፎ ውስጥ ብንገባ ይሻላል" አለች ሳጅኗ ከትከሻው በላይ እያየች። "አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን አይይዛቸውም።"

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ጣቱ አንድ ገጽ ላይ ቆሟል።

"ይሄ ቀን ምን ነበር?"

ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አየች። "ድልድዩ የተደረመሰ ጊዜ ነዋ! እርስዎ ማዶ ቀርተው ሃያ ስድስት ቀን ከቤትዎ ርቀው..."

"ሚስቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። በዚያ ወር ከከተማ ወደዚያ መንደር የተሻገረ አንድ ሰው እንደሌለ እኔ ምስክር ነኝ። ማዶ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። ሐኪሟ ግን ይኸው በወሩ አጋማሽ ተሻግራ፣ አስራ አራት ቀፎ ከፍታ፣ አይታ ፈርማለች።"

ሳጅኗ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምናልባት በስልክ..." አለች።

"በስልክ ቀፎ አይከፈትም። እስቲ ያንን የስልጠና ወረቀት አምጪው።"

ሳጅኗ ትናንት ያስላከችው የፊርማ ዝርዝር ነው። ስልጠናው የሁለት ቀን ነበር፤ እሳቱ የተነሳው በመካከላቸው ባለችው ሌሊት ነው። ከእህትየው ስም ፊት ሁለት ፊርማ አለ፣ አንዱ ለመጀመሪያው ቀን፣ ሌላው ለሁለተኛው። ከጥርጣሬ ውጭ ያደረጋትም ይኸው ነበር። አሁን ሲያየው የሠላሳውም ሰልጣኝ ሁለት ፊርማ በአንድ ብዕር፣ ባንድ ጊዜ ጥድፊያ የተጫረ ነው። አስተባባሪው ጋ ደወለ።

"አዎ፣ የሁለቱንም ቀን ባንዴ ነው የምናስፈርመው" አለ አስተባባሪው ያለ ምንም ሐፍረት። "ለሥራ ይቀላል።"

"በሁለተኛው ቀን ስንቱ ተገኘ?"

"እንግዲህ... ግማሹ ቢሆን ነው።"

"የንብ ሐኪሟ ነበረች?"

"እሷማ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ነው የሄደችው። ስላይዱ ላይ የታመመ እጭ አሳይተን እንደጨረስን ነው። አሞኛል ብላ።"

ስልኩን አስቀመጠ። መሐረቡን እንደሰጣት ትዝ አለውና በራሱ ተናደደ።

*

ሐኪሟን ጨምሮ የወረዳውን የንብ ባለሙያዎች ሁሉ ያስተማሩት አዛውንት ጡረታ ወጥተው ከከተማው ዳር ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ አምስት ቀፎ አለ፤ ኢንስፔክተሩ የአጥሩን በር ከከፈተ በኋላ መግባት አቃተው።

"ግባ ግባ፣ አይነኩህም" አሉ ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ሆነው። "ከሸሸሃቸው ነው የሚያባርሩህ፤ እንደ ሰው ናቸው።"

ወንበር ሰጡት። ከረጢቱን ከኪሱ አወጣ፤ አፉን ሊፈታ ሲል ሽማግሌው ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት እጁን ቀጨም አደረጉት።

"እንዳትከፍተው! ከየት ነው ያመጣኸው?"

ኢንስፔክተሩ ደነገጠ። "ክብሪት ነው መምህር..."

"ክብሪት መሆኑንማ አያለሁ!" ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። "ይሄ ቡናማ ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የበሰበሰ እጭ ነው። ገና ያልተፈለፈለ የንብ ልጅ። ቀፎ ውስጥ የሚገባ አንድ ክፉ በሽታ አለ፣ እጩን እዚያው በሰም በተከደነበት ያሟሟዋል። ይኑር አይኑር የምናውቀው በክብሪት ነው። እንጨቱን በሰሙ ክዳን በኩል ሰድደህ ስታወጣው እንደ ሙጫ ክር ሆኖ ከተሳበ፣ አበቃ።"

"መድኃኒት የለውም?"

"መድኃኒቱ እሳት ነው። በሽታው እንጨቱ ውስጥ፣ ሰሙ ውስጥ፣ ማሩ ውስጥ አርባ ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ ማታ ንቡ ሁሉ ሲገባ የቀፎውን አፍ ትደፍናለህ፣ በቤንዚን ትገድላለህ፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ታቃጥላለህ። መሬት ላይ ካቃጠልክ ማሩ ይፈስና የሌላ ሰው ንብ መጥቶ ይልሰዋል፤ በሽታውን ቤቱ ይወስዳል። መክፈቻውን፣ ማጨሻውን ሁሉ አብረህ ትጨምርና አፈር ታለብሰዋለህ።"

ኢንስፔክተሩ የጋሪውን መስመር አሰበ፤ አርባ እርምጃ፣ አስራ አራት ጊዜ።

"ትናንት አስራ አራት ቀፎ ልክ እንዲህ ጉድጓድ ውስጥ ተቃጥሎ አገኘን፤ ያቃጠለው ማን ይመስልዎታል መምህር?"

"ማንነቱን አላውቅም። እኔ ያስተማርኩት ሰው መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው።"

"አንድ የንብ ባለሙያ ይህን ክብሪት አይታ ሳታውቀው ልትቀር ትችላለች?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ማን እንደሆነች የገባቸው ይመስላል።

"የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ አይስተውም" አሉ ቀስ ብለው። "እጅህን ታጠብና ሂድ ልጄ።"

*

ባለ ቀፎው ቤት ሊያጽናና የመጣ ሰው ሞልቷል። እህትየው በጓሮ በኩል፣ ከገንዳው አጠገብ፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን በሩ ላይ አቁሞ ብቻውን ወደ እሷ ሄደ።

"ሐኪም፣ ድልድዩ የተደረመሰ ጊዜ እንዴት ተሻገሩ?"

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

"አልተሻገርኩም" አለች። "ወንድሜ በስልክ 'ሁሉም ደህና ናቸው እትዬ' አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ ድልድዩ ተሠራ፣ እኔ ግን ለመድኩት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ወንድሜ አይዋሸኝም ብዬ።"

"ከትናንት ወዲያ ማታስ?"

"ያን ማታ ተሻግሬያለሁ።"

እጇን አውጥታ በቀሚሷ አደረቀች። አልሸሸችም፣ አላለቀሰችም። ስልጠናው ላይ የታመመ እጭ ስታይ፣ ወንድሟ ከወር በፊት 'ቀፎው የአናጢ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ሙቀት ይሆን እንዴ?' ያላት ትዝ አላት። ሮጣ መጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስራ አራቱንም ከፈተች።

"አስራ ሁለቱ ክር ሳቡ" አለች። "አስራ ሁለቱ! ነገ አስራ አራት እናቶች ቤት ሊገባ። ስልጠናው ላይ እንዳለሁ ሆኜ ደወልኩለት፤ 'ቀፎዎቹ ሳይታመሙ አልቀሩም፣ ነገ አታስረክብ' አልኩት። 'እትዬ በኔ ሞት፣ የነገን ብቻ ፈርሚልኝ፤ ከዚያ እናክማቸዋለን' አለኝ።"

"እምቢ አይሉትም? ኃላፊዋ እርስዎ አይደሉ?"

"እምቢ ብዬው አላውቅም ኢንስፔክተር።" ድምፏ ተሰበረ። "በሕይወቴ አንድ ቀን እምቢ ብዬው አላውቅም። በነጋታው መጥቶ ፊቴ ቢቆም እፈርምለት ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የምፈርምበት ነገር እንዳይኖር አደረግኩ።"

ኢንስፔክተሩ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰው በቂም ሲያቃጥል፣ በቅናት ሲያቃጥል አይቷል። ራሱን ፈርቶ የሚያቃጥል ሰው አላየም።

"ባለ ብርቱካኑስ?"

"ቤንዚን አጥሩ ሥር አገኘሁ፤ የማን ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ሲታሰር ግን... አሁን እናገራለሁ፣ ጥቂት ቆይቼ እናገራለሁ ስል..."

"ሚስቱ ዛሬ ንጋት ላይ ወለደች። ወንድ ነው። አባቱ አላየውም።"

እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያን ጊዜ ነው ከኋላቸው አንድ ነገር ወድቆ የተሰበረው። ባለ ቀፎው የጓሮው በር ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር የብርጭቆ ስብርባሪ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አልታወቀም።

"እትዬ" አለ።

"ይቅር በለኝ። ሁሉንም አቃጥያለሁ። ግን አልቋል፤ በሽታው ማንም ቤት አልገባም።"

"አልቋል አትበይ።" ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ጉድጓዱን እንዳየሁ ገብቶኝ ነበር። እንዲህ ንጹህ አድርጎ የሚያቃጥል አንቺ ብቻ ነሽ። ዝም ያልኩት..." ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። "ዝም ያልኩት ከተናገርኩ ሌሎቹም ስለሚወጡ ነው።"

"የቶቹ ሌሎች?" አለች እህትየው።

"ባለፈው ወር ከአስራ አራቱ ንብ ከፍዬ ስድስት ቀፎ ለስድስት ቤት ሰጥቻለሁ። ፈርመሽ የተውሽልኝ ባዶ ወረቀቶች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ሞላሁት።"

እህትየው ወንድሟን የማታውቀው ሰው ይመስል አየችው፤ ቀጥሎ የራሷን ቀኝ እጅ አየች።

"ስድስቱን ቤቶች ንገረኝ" አለችው። "አንድ በአንድ።"

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ጣቢያ ደውሎ "ባለ ብርቱካኑን አሁኑኑ ፍቱት፤ በመኪና ክሊኒክ አድርሱት" አለ። አዛዡ መጮህ ሲጀምር ስልኩን ዘጋው። ከዚያ እህትየውን ከኋላ ወንበር፣ በሳጅኗና በወንድሟ መሀል አስቀመጠ። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሲነዳ "ፍጠን!" ብሎ ጮኸበት፤ ሹፌሩ ከድንጋጤ የተነሳ ማርሹን ሳተ።

የመጀመሪያው ቤት የአንዲት አሮጊት ነው። ግቢያቸው ጠባብ፣ ጥርግርግ ያለ ነው፤ ጥጉ ላይ አንድ ቀፎ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከአጥሩ ማዶ በየግቢው ሌሎች ቀፎዎች ይታያሉ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ። ኢንስፔክተሩ ስንት እንደሆኑ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው።

"የንብ ሐኪሟ!" አሉ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ። "በእግርሽ መጥተሽ ልታይልኝ? እግዜር ይስጥሽ ልጄ! እኔኮ ስለ ንብ ምኑንም አላውቅ። ፈርቼ ነበር፣ ይታመም ይሆን ስል። ወንድምሽ ወረቀቱን አምጥቶ ፊርማሽን ሲያሳየኝ ግን እሷ ካየችውማ በቃኝ አልኩና ወሰድኩት።"

ወንበር ሊያመጡ ሲዞሩ እህትየው እጃቸውን ያዘች። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቆሟል፤ አንዲት ንብ አንገቱ ላይ አርፋለች፣ አልተሰማውም።

"እማማ" አለች። "አላየሁትም። ሳላየው ነው የፈረምኩት።"